የማን ልጅ ነው?

በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ወደ ሹመት የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ ትምህርትና አያት። ትምህርቱን በ1902 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ይሰጥ ነበር፤ ጸሐፊና አስተማሪ እያስመረቀ «አፈንዲ» የሚባለውን የቢሮ መደብ ፈጠረ። አያቱን ግን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር።

የካርቱም ወታደራዊ ትምህርት ቤት ሳይታሰብ ሦስተኛ መንገድ ከፈተ። ከባርነት የወጣ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ዓሊ አብደል ለጢፍ በዚያ ተምሮ መኮንን ሆነ፤ በ1924 የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወመውን የነጭ ሰንደቅ ማኅበር መራ። እንግሊዞች አሰሩት፤ ከቅኝ ገዥ የሚጠበቅ ነው። «ሐዳራት አስ ሱዳን» የተባለው ጋዜጣ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረው፤ ለመሆኑ ሰውየው ዘሩ ምንድን ነው? ነጻነቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ የዘር ሐረጉ ይቆጠር። (በአዲስ አበባ «የማን ልጅ ነህ?» የሚባለው፣ እንደሚታወቀው፣ ለትውውቅ ያህል ብቻ ነው።)

በ1954፣ ነጻነቱ ሲቃረብ፣ እንግሊዞች የለቀቁት ወንበር ለሱዳናውያን ሲታደል፣ ከ800 ገደማ ቦታ ለደቡብ ሰዎች የደረሰው 6 ነበር። መለኪያው ልምድና የትምህርት ደረጃ ነው ተባለ፤ የደቡብን ትምህርት ቤት ለሚሲዮኖች ትቶ የኖረ አስተዳደር ደግሞ በመለኪያ አይታማም። ከስድስቱ አራቱ ረዳት የወረዳ አስተዳዳሪ፣ ሁለቱ ማሙር (የበታች የአስተዳደር ሹም) ተባሉ።