የቅቤ ነጋዴ አፍንጫ

አከራያችን እትዬ ግቢያቸውን ሊሾ ያስደረጉት ለልጃቸው ሠርግ ነው። ሠርጉ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሊሾው ግን አሁንም ሙሽራ ነው። ጧት ጧት ይጠረጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦሞ ይታጠባል፣ የሰፈር ልጆች ኳስ እንዳያነጥሩበት ይጠበቃል። እዚህ ሊሾ ላይ ነው እንግዲህ እኔ ቮልስ የማቆመው።

አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ልጅህ ሸንቷል» አሉኝ።

እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። ግራ ገብቶኝ ተከተልኳቸው። ከቮልሷ ሆድ ሥር፣ ልክ መሃል ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ጠብታ ጉብ ብላለች። በማግሥቱ የስኒ ማስቀመጫ አከለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ አንድም ቃል ሳይናገሩ ባዶ የድልህ ጣሳ አምጥተው ደቀኑባት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለቁጣ መልስ አይጠፋም፤ ለጣሳ ግን ምን ይባላል?

ቮልሷ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1965 ሥሪት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ብዙ ነገር አልናገራትም። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የሚነዳ ሰው ነዳጅ ሊቀዳ በተሰለፈ ቁጥር ከሽማግሌዎች አንዱ ጠጋ ይልና ጣሪያዋን መታ መታ አድርጎ «በዚች እኮ ነው የወሰዷቸው» ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ኧረ በሌላ ነው አባቴ» እያልኩ አስተባብል ነበር። አሁን «አዎ፣ ከኋላ ነበር የተቀመጡት» ብዬ መስኮቱን እዘጋለሁ።

መኪና ማፍሰስ ሲጀምር የሚፈሰው ዘይት ብቻ አይደለም፤ ምክርም ይፈሳል። ባለታክሲው ጎረቤቴ ጎንበስ እንኳ ሳይል «የሞተር ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» አለ። የማዶው ዘበኛ «ውሃ ነው፤ ራዲያተሩ ተቀዶ ነው» አለኝ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ይህን ስነግረው በኀዘኔታ አይቶኝ «ለዚህ ነዋ!» አለ። የቢሮ ባልደረባዬ ደግሞ በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ አጉልቶ አየና «የፍሬን ዘይት ነው» ብሎ ፈረደ፤ ቀጥሎም ኑዛዜ ጽፌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በሁለተኛ ማርሽ ነው።

ከሁሉም መካከል ጠብታውን በእጁ የነካ ሰው አልነበረም። የነኩት እትዬ ናቸው።

እትዬ መርካቶ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ሸጠዋል። ሙዝ የተቀላቀለበትን፣ ድንች የገባበትን፣ የሸኖ ተብሎ ከሸኖ ያልመጣውን በአንድ ሽታ ለይተው የመለሱ ሴት ናቸው። ጣታቸውን ጣሳው ውስጥ ነከር አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ቀስ ብለው ሳቡት፤ አሸተቱት።

«የሞተሩን አምጣ» አሉኝ።

የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዝዤ በግራ እጃቸው ጣት ላይ ጠብ አደረግሁላቸው። እሱንም አሹት፤ አሸተቱት። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ፀሐይ ላይ አቁመው ፍርድ ሰጡ።

«ይሄኛው ጥቁር ነው፤ የተቃጠለ ይሸታል። ያኛው የማር መልክ አለው፤ ይለጠጣል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ከአንድ ቅል አልወጡም።»

በኋላ እንደተረዳሁት እትዬ አንዲት ነጥብ አልሳቱም። የካምቢዮ ዘይት ውስጥ የድኝ ውሁድ ይጨመርበታል። የማርሽ ጥርሶች እርስ በርስ ሲጫኑ ዘይቱ ከመካከላቸው ተጨምቆ ሊወጣ ይደርሳል፤ ያኔ ብረቱን ለብሶ ከመፋቅ የሚያድነው ይኸው ድኝ ነው። የተበላሸው እንቁላልም እሱ ነው። እንግዲህ የምታፈሰው ካምቢዮዋ ነበረች።

ይህን ዕውቀት ይዤ ኮራ ብዬ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። የየትኛው ሰፈር እንደሆነ ይቅር። ዋናው መካኒክ ሆዷን ሳያይ «ካምቢዮና ሞተሩ መሃል ያለው ኦይል ሲል ነው፤ ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ነገሩ ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም፤ እዚያ ቦታ በእርግጥ የሚያፈስ ኦይል ሲል አለ፤ ብዙ ቮልስም ከዚያ ታፈሳለች። የቮልስ ሞተር ደግሞ በአራት ቡሎን ነው የተያዘው፤ ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አውርደው ጎማ ላይ አስቀመጡት። የተካነ ሰው ሥራ ማየት ደስ ይላል፤ ሥራው አስፈላጊ ባይሆንም። ኦይል ሲሉ ተቀየረ፣ ሞተሩ ተመለሰ፣ ከፈልኩ።

ጠብታዋም ቆመች! ጣሳዋ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ደረቀች። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሁለት እጄ ለእትዬ መለስኩላቸው። እትዬ ግን ጣሳዋን ወደ ጓዳ አላስገቧትም፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

በስምንተኛው ቀን የሽሮ ሜዳን ዳገት ስንወጣ ቮልሷ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንጥሉ እንደወረደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴ «ይሄ ድምፅ ከእኛ ነው?» አለች። «ከኋላችን ካለው አውቶብስ ነው» አልኳት። ከኋላችን አውቶብስ አልነበረም።

በዚህ ዓይነት ነው ጋሼ ዘንድ የደረስኩት። የጋሼ ጋራዥ ሰሌዳ የለውም፤ አጥር ጥግ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሁሉም ሰው ጋሼ ብሎ ስለሚጠራቸው ስማቸውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጩኸቱን ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ማፍሰስ ካቆመች ስንት ቀን ሆናት?»

«ሳምንት አለፋት ጋሼ። ተሽሏት ነበር።»

«አልተሻላትም፤ አልቆባት ነው» አሉኝ።

የቮልስ ካምቢዮ ታፖ እንደ ሌላው በውጭ በኩል ተጨብጦ አይፈታም። መሃሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ነው፤ ስፋቱ 17 ሚሊሜትር። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ያለው ሰው ሰፈር ለሰፈር ብትዞሩ አታገኙም፤ ያለውም አያውስም። ጋሼ ከጋዋናቸው ኪስ አንድ ቡሎን አወጡ። ጭንቅላቱ 17 ነው። ጭራው ላይ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ ተጣብቀው ታስረዋል። ጭንቅላቱን ጉድጓዱ ውስጥ ሰክተው ዳዶውን በተራ 17 ቁልፍ ጠመዘዙት፤ ታፖው ተፈታ። እኔ ሁለት ቀን በስልክ ቁልፍ ሳፈላልግ ነበር።

መጀመሪያ የፈቱት የላይኛውን፣ ዘይት የሚሞላበትን ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከታች ፈትተህ ካፈሰስክ በኋላ የላዩ እምቢ ቢልህ በባዶ ካምቢዮ የት ትሄዳለህ?» አሉኝ። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን በቀዳዳው ሰደዱ። ዘይቱ የቀዳዳውን አፍ መንካት ነበረበት። ጣታቸው ሄዳ ሄዳ ደርቃ ተመለሰች።

«ደግ ነው ሰጋቱራ አላጎረሷትም» አሉ። ድሮ መኪና ሲሸጥ ካምቢዮው እንዳይጮኽ ዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ የሚጨምር ደላላ ነበር አሉ። ገዢው ቤቱ እስኪደርስ ዝም ይላል።

ጋሼ ሆዷን በሙሉ በናፍጣና በብሩሽ አጠቡ። ሊትር ያህል ዘይት ጨመሩባት፤ የሚፈስ ነገር ከሌለ የሚፈስበት ቦታ አይታይምና። ቀጥለው «ሂድና የሕፃን ፓውደር ግዛ» አሉኝ። ባለሱቁ ፓውደሩን ሲያቀብለኝ ፊቱ በራ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ! ወንድ ነው ሴት?»

«ካምቢዮ» አልኩት።

ፓውደሩን ከሥር ሆነው በእፍኛቸው እየነሰነሱ ነጭ አደረጓት፤ እሳቸውም ዳቦ ጋጋሪ መሰሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተናት ስንመለስ ካርቶን አንጥፈው ገቡና ጠሩኝ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት፣ እኔ የከፈልኩበት ቦታ፣ እንደ ጥምቀት ነጠላ ነጭ ነው። በግራ በኩል ግን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ጎማ ሥር፣ ቀጭን ቢጫ መስመር ተሥሏል። መስመሩ የካምቢዮውን ሆድ ተከትሎ ዞሮ መሃል ላይ ያበቃል። እትዬ ጣሳ የደቀኑት መጨረሻው ላይ ኖሯል፤ መነሻው ሌላ ነው።

በእኔዋ ዘመን በተሠሩ ቮልሶች ላይ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ አክስሉን ከያዘው ቱቦ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቱቦው የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ሲሆን፣ መታጠፊያውን ሸፍኖ ዘይቱን የሚይዘው ያ የተጣጠፈ ጎማ ነው። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ጎማው ይታጠፋል። እንግዲህ የመንገዳችንን ነገር ታውቃላችሁ፤ መሰንጠቁ ሳይሆን እስካሁን መቆየቱ ነው የሚገርመው።

ጎማውን ፍለጋ ሱማሌ ተራ ወረድኩ። ሳይቆረጥ የተሠራውን ለማስገባት ጎማ፣ ታምቡር፣ ኩሽኔታ ሁሉ መፈታት ስላለበት፣ ጋሼ ያዘዙኝ ጎኑ ተሰንጥቆ በትንንሽ ቡሎን የሚገጠመውን ነው። ሻጩ «ኦርጅናል የጀርመን ነው» አለኝ። ፓኬቱ ላይ ብራዚል ይላል። ሳሳየው «እዚያም ጀርመኖች አሉ» አለ። ቮልስ ብራዚልም ሲመረት መኖሩን ስለማውቅ በዋጋው ላይ ብቻ ተከራከርኩ።

ጋሼ አሮጌውን በካራ ቀደው ጣሉት። አዲሱን ሲያለብሱ ስፌቱን ከላይም ከታችም አላደረጉትም፤ በጎን በኩል አዞሩት። ላይ ወይም ታች ከሆነ ቱቦው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እንደ አፍ ይከፈታል። ማጥበቂያዎቹንም መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ ሳለች አላጠበቁም፤ ወርዳ በእግሯ ስትቆም ነው የጨረሱት። የታችኛውን ታፖ ፈትተው የቀረውን አሮጌ ዘይት አፈሰሱ። የታፖው ጫፍ ማግኔት ነው፤ ግራጫ የብረት ጢም አብቅሎ ወጣ። በጣታቸው አሻሹት።

«ዱቄት ነው። ጥሬ ቢሆን ኖሮ አንተም አብረሃት ታለቅስ ነበር።»

የቀረው 90 ቁጥር ዘይት መሙላት ነው፤ 2.5 ሊትር። ይህን እንኳ እኔ ልሥራ ብዬ በላስቲክ ቱቦ መጨመር ጀመርኩ። ግማሹ እንኳ ሳይገባ ዘይቱ በቀዳዳው ገንፍሎ ክንዴ ላይ ወረደ። «ሞላ ጋሼ!» ብዬ ታፖውን አነሣሁ።

«ቁጭ በል» አሉኝ። «ማር ነው የምትቀዳው። ገና ወደ ቱቦዎቹ አልደረሰም። ቡና ይፈላ።»

ቡናው ተፈላ። አቦል ላይ ትንሽ ጨመርን፤ ቶና ላይ ጨመርን፤ 2.5 ሊትሩ ያለቀው በረካ ላይ ነው። በመሃሉ ጋሼ ረዳታቸውን ልጅ ሲያዙ እሰማለሁ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን። ካምቢዮ ራሱ በጣሊያንኛ ለውጥ ማለት ነው። አባቶቻችን ጣሊያንን በ1933 ዓ.ም. ሲያስወጡት የመፍቻ ሣጥኑን የፈተሸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። የጀርመን መኪና፣ የብራዚል ጎማ፣ የጣሊያን ቃል፣ የይርጋ ጨፌ ቡና። እኔ በመሃል ያለኝ ድርሻ ሒሳብ መክፈል ነበር።

ማታ ሊሾው ላይ አቆምኳት። ጧት ከጎህ ጋር ስወጣ እትዬ ቀድመውኛል። ጣሳዋን መልሰው ደቅነዋታል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ መሃሉ ደረቅ፣ በግራም ደረቅ። ቀና ስል ግን የእትዬ ዓይን ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ በኩል ነው። ሊሾው ላይ አዲስ ጠብታ አለ፤ ጥቁር።

ያ ሻይ እየጠጣሁ በአድናቆት ሲወርድና ሲወጣ ያየሁት ሞተር ትዝ አለኝ።

እትዬ በጣታቸው ነኩት፤ አሹት፤ አሸተቱት።

«ይሄኛው ደግሞ የሞተሩ ነው» አሉና ጣሳዋን በእግራቸው ሁለት ስንዝር ወደ ኋላ ገፋ አደረጓት።