መውደቁስ ቀላል ነበር

ዘንድሮ ሰው በሰላም መታመም እንኳ አልቻለም። እኛ ድሮ ሲያመን ጋቢ ተከናንበን ወደ ግድግዳው ዞረን እንተኛለን፤ ሲሻለን እንነሳለን። አሁን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይነሳብሃል።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ነው። የኮንትራት ሚኒባሱ ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ባለቤቴ "ውሃ ጠጣ" ማለት ጀመረች። የግፊት ኪኒኔ የሚያሸና ዓይነት መሆኑን እያወቀች! ሙከ ጡሪ ላይ አንዴ ባስቆም የልጅ ልጆቼ "አባባ ደግሞ!" ብለው ተንከተከቱ። እንዲያ የተሳቀበት ሽማግሌ ሁለተኛ ውሃ ይጠጣል?

ጎሃ ጽዮን ድረስ አየሩ ደህና ነበር። ከዚያ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከፊታችን ሲኖትራክ፣ ከሲኖትራኩ ፊት ሌላ ሲኖትራክ። ላቤ በጆሮ ግንዴ ሲወርድ መስኮቱን ብከፍት፣ ምራቴ "አባባ፣ ነፋስ ይመታዎታል" ብላ ዘጋችው። የዓባይ በረሃ ነፋስ!

ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር መኪናው ጋለና ቆምን። ለራዲያተሩ ውሃ ይጨመርለት ተባለ። እኔም እግሬን ላፍታታ ብድግ ብል ዓለም ጠቆረብኝ።

የሆነውን ኋላ ነው የነገሩኝ። አንዱ ልጄ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ይዞኛል፤ ሌላው የሚጥል በሽታ ያለብኝ ይመስል ክብሪት ጭሮ ያስሸትተኛል፤ ባለቤቴ ጠበል ትረጫለች፤ ምራቴ መስኮት የዘጋችበትን እጇን ራሷ ላይ ጭና ታለቅሳለች። ትልቁ ልጄ ቨርጂኒያ ላለችው ነርስ እህቱ በቪዲዮ ደወለ። ሰፈሬ ውስጥ እንቢ የሚል ኔትወርክ በረሃ ላይ ሠራ! እዚያ ገና አልነጋም፤ ሻሿን እንዳሰረች፣ "ምን አቆማችሁት? አጋድሙት! እግሩን ከፍ አድርጉ! ጋቢውን ግፈፉ፣ ቀበቶውን ፍቱ!" ብላ ጮኸች።

እኔ ከዓባይ ማዶ የተወለድኩ ሰው ነኝ። አገሬ ደጃፍ ላይ እግሬ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ፣ የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ ቀስ እያለ ሲያየኝ ነው ዓይኔን የገለጥኩት። ይባስ ብሎ ቀበቶዬ ሲፈታ በመሀረብ ቋጥሬ የደበቅኩት ብር ዱብ አለ። ባለቤቴ የጠበሉን ጠርሙስ ጥላ ብሩን አነሳች።

ደጀን ክሊኒክ ወሰዱኝ። አንድ ለጋ ሐኪም ለካኝ፤ 85 በ50። "አባት፣ ኪኒኑ ውሃውንም ጨውንም ያስወጣል፤ በላዩ ላይ ሙቀትና ላብ ተጨመረበት። ከተቀመጡበት በአንዴ ሲነሱ ደሙ ወደ እግር ይወርድና ለራስ ያጥራል" አለኝ። ልጁስ ጨዋ ነው። ከዚያ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ ሰጠኝ። ብቀምሰው ጨውና ስኳር! ምራቴ ከወጤ ውስጥ ያጠፋችው ጨው፣ ባለቤቴ ከቁም ሳጥን ጀርባ የደበቀችው ስኳር። አሁን ሁሉም ከበውኝ "ጭልጥ አድርገው!" ይላሉ። ያን ሁሉ ዘመን ለበላሁት አልጫ ማን ይካሰኝ?

ሰርጉ ላይም ሰው አልሆንኩም። ሙሽራዋ ተረስታ ዘመድ ሁሉ የእኔን ግንባር ይዳስሳል። እህቴ ጮማው እያለ አጥሚት ታመጣልኛለች። የሳቀብኝ የልጅ ልጄ የውሃ ላስቲክ ይዞ እንዲከተለኝ ተሹሟል፤ ሽንት ቤት በር ድረስ ይከተለኛል። ቨርጂኒያም በየሰዓቱ ትደውላለች፤ የሽንቴን ቀለም ሳይቀር ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ትጠይቃለች።

ክሊኒኩ የተከፈለው ከዚያው ከመሀረቤ ነው። ባለቤቴን የተረፈውን መልሽልኝ ስላት፣ "ልጅህ እንዳይናደድ ብላለች፤ ስለ ገንዘብ አናወራም" ትለኛለች።