በአንድ ጠዋት የምታድግ ልጅ

የራያ ቆቦ ሜዳ ለምነቱ ይነገርለታል። ጤፍና ማሽላው ይመሰክራሉ፤ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያወርዱት ደለልም ይመሰክራል። የግብርና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ያልመዘገቡት አንድ ሰብል ግን አለ፤ እሱም ልጅ ነው። ማሽላ እስኪደርስ ወራት ይጠበቃል። የ15 ዓመት ልጅ ግን በጠዋት ቀበሌ ሄዳ ከምሳ በፊት 23 ሞልቷት ትመለሳለች። መስኖ አልጠየቀች፣ ማዳበሪያ አልጠየቀች፤ ሁለት ምስክርና አንድ ማኅተም በቃት።

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በእናቱ ትውስታ ነው። እናት ደግሞ፣ ለቤተሰብ ጥቅም ሲባል፣ ትውስታዋን ታሻሽላለች።

ይህን የሚያንቋሽሹ አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ልጅቱን ወደ ሳውዲ ለመላክ የሚቀመጠውን የቤተሰብ ጉባኤ ያየ ሰው እንዴት ያንቋሽሻል? ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል። አጎት ከሮቢት ይመጣል፣ አክስት ከጎብዬ። ታላቅ ወንድም ባጃጅ ያስፈልገዋልና ሐሳቡን በሰፊው ያቀርባል። አባት የቆርቆሮውን ቤት ነገር ያነሣል፤ እናት የጎረቤት ልጅ የላከችውን ወርቅ። ደላላውም አለ፤ «ደላላ» ብሎ የሚጠራው ግን የለም፣ የእገሌ ልጅ፣ የኛው ሰው ነው። እሱ የሪያሉን ምንዛሪ ያስረዳል። የበሬው ጉዳይ ሳይቀር ይመከርበታል፦ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? እርሻ እየደረሰ ነው፣ ደግሞም ከብት በሰው አገር መንገድ አይንገላታ፤ ይቆይ ተባለ። የበሬው ጥቅም በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲመረመር የምትሄደዋ ልጅ የት አለች? እዚያው ናት እንጂ! ቡናውን የምታፈላው ማን ሆነና? በረካው ሲቀዳ ጉዳይዋም አብሮ አለቀ።

ራያ ማዳመጥ የማያውቅ አገር አይደለም። በደም የተቃቃሩትን አስቀምጦ የገዳይንም የሟችንም ወገን ቃል እየሰማ የሚያስታርቅ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት ያለው አገር ነው። ጠብመንጃ ያነሣ ሰው ተጠይቆ ይናገራል። ጀበና ያነሣች ልጅ ምን ልትናገር ነው?

ሕግ ይጠቀስብን እንደሆነም መልስ አለን። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት የተቀበለችው በግንቦት 1983 ነው፤ የተቀበለው መንግሥት በሁለት ሳምንቱ ወድቋል፣ ታዲያ በማን እንያዝ? የስምምነቱ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ያዝዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ይደነግግና ግዴታ ያለባቸውን ይዘረዝራል፦ የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶች፣ የአስተዳደር ባለሥልጣናት፣ ሕግ አውጪዎች። የአባቷ ሳሎን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ልጅ የሚያሰድደው ችጋር ውሸት ነው አላልኩም። በጥቅምት 2013 አንበጣ በደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ገባ። የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ቤት ልጁን ቢሰድ ድንጋይ የማነሣበት እጅ የለኝም። እኔ የማወድሰው ሌላውን ነው፤ ጎተራው ሳይጎድል፣ የጎረቤት ጣሪያ ስላብለጨለጨ ብቻ ከ7ኛ ክፍል ልጁን አስወጥቶ «ዕድሏን ትሞክር» የሚለውን። ዕድሉ የእሷ፣ ጣሪያው የእሱ።

በቦሌ መውጫ ወረቀት ያልሰመረለት በእግሩ ይሄዳል። በጭፍራ ወደ ሚሌና ሎጊያ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። የኛው ሰው ደግ ነውና ቅድሚያ ክፍያ አያስጨንቅም፤ «ሲደርስ ይከፈላል» ይላል። ሒሳቡ የሚመጣው ከባሕሩ ማዶ ነው። አጋቾቹ ልጁን ግቢ ውስጥ ቆልፈው ቆቦ ይደውላሉ። ስልኩን አፉ ላይ አድርገው ይገርፉታል፤ ፕላስቲክ እያቀለጡ ገላው ላይ ያንጠባጥባሉ። እናት ትሰማለች፣ አባት ይሰማል፣ ባጃጅ የፈለገው ወንድም ይሰማል።

እነሆ አንቀጽ 12 ተፈጸመ! ልጁ ስለ ጉዞው ሐሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲገልጽ ተጋበዘ፤ ቤተሰቡም ጸጥ ብሎ አዳመጠው። በጉባኤው የተረፈው በሬም በዚያው ሳምንት ገበያ ወጣ።

ከዚህ ያመለጠው ወደ ሳውዲ ድንበር ይቀጥላል። በዚያ ድንበር ጠባቂዎች ሕፃናት ጭምር ባሉባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ እንደሚተኩሱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዘግቧል፤ ሳውዲ ክሱን አልተቀበለችም። በሐምሌ 2017 መጨረሻ ደግሞ ከ150 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ በየመኗ አብየን ዳርቻ ተገልብጣ ብዙዎች አለቁ። እነዚህ ነገሮች ቡና ላይ አይነሡም። ዱዓ ያደፈርሳሉ።

«እኛ ልጆቻችንን አንለይም፣ ይዘናቸው ነው የምንሄደው» የሚሉም አሉ፤ እነሱንም ማመስገን ይገባል። በ2006 ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ቦሌ የወረዱ ሕፃናት ነበሩ። እዚያ የተወለደ፣ እዚያም የልደት ወረቀት ያላገኘ ልጅ አያቱን በዐረብኛ ሰላም ይላል። አያት መልሱ ይጠፋባቸዋል። በትምህርት ቤት ስሙ «ሳውዲ» ሆኖ ይቀራል። ሲወጡም ሲመለሱም የጠየቀው የለም፤ ቢያንስ በዚህ አድልዎ አልተፈጸመበትም።

ደላላውን አስረን ስናበቃ እፎይ የምንል ብዙ ነን። አዋጅ 1178/2012 ደላላውን የሚቀጣበት አንቀጽ አለው፤ እሰየው። ነገር ግን ደላላው የልጅቱን ዕድሜ አልጨመረም። ዕድሜዋን የጨመርነው እኛ ነን፤ አባት ጠይቆ፣ ጎረቤት መስክሮ፣ ሹም አትሞ። አባቶች ሆይ፣ በሬው ይቆይ ወይስ ይሸጥ ብላችሁ ከመምከራችሁ በፊት ልጅቱን አስቀምጣችሁ ጠይቋት፤ «አልሄድም» ካለችም ቃሏ ይጽና። ምስክር የምትሆኑ ጎረቤቶች፣ ያላያችሁትን ልደት አትመስክሩ። ማኅተም የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጅቱ 15 ከሆነች 15 ብላችሁ ጻፉ።