ሰነዱ እጃችን ገብቷል

ቀይ ቀስት፣ ቀይ ክብ፣ ፊቱ የደበዘዘ ባለሥልጣን፣ ከጎኑ አፉን በእጁ የያዘ አቅራቢ። ከሥር በቢጫ ፊደል «ጉዱ ፈላ! ማታ 3 ሰዓት በቀጥታ!» ይላል። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህን ምስል ያላየ ስልክ ካለ ባትሪው የሞተ መሆን አለበት።

ከብሎኮቹ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች። የብሎኩ ጥበቃ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ብቅ ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ይናገራል?»

«ይናገራል ጋሼ፤ ሰነዱ እጁ ገብቷል።»

«ባለፈው ሳምንትም እጁ ላይ ነበር እኮ!»

«ያኛውማ ሌላ ሰነድ ነው።»

3 ሰዓት ይሆናል። አቅራቢው ብቅ ይልና በዋሽንግተን፣ በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ ያላችሁ እያለ ዓለምን ያካልላል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» የሪል እስቴት ማስታወቂያ ይከተላል። ከዚያ የአገሪቱ ሁኔታ አሳሳቢ መሆኑ ይነገረናል፤ ይህን እንኳ የጤፍ ዋጋ ቀደም ብሎ ነግሮናል። ቀጥሎ «አንድ ከፍተኛ ሰው፣ ስሙን ለደኅንነቱ ስል የማልጠቅሰው፣ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ነገር ተናግሯል።» ምን ተናገረ? ቀሪው በክፍል ሁለት። ጥበቃው የቡናቸውን ሒሳብ ከፍለው ይነሳሉ። የተናደዱ አይመስሉም፤ ነገ ደግሞ ይመጣሉ።

ሰላምታው የሚረዝመው በትሕትና ብዛት አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል የተለመደው መንገድ ቢያንስ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ማስቆጠር ነው። ቪዲዮው 8 ደቂቃ ከሞላ ደግሞ መሃል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል፤ እስከ 2012 ክረምት ድረስ 10 ደቂቃ ነበር። ምስጢር ያለው ሰው በሁለት ደቂቃ ተናግሮ ይጨርሳል። ምስጢር የሌለው ነው 40 ደቂቃ የሚያስፈልገው።

አቅራቢውን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ እኛም ብንሆን የዋዛ አይደለንም። ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ በሚመጣው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ይጫወታሉ። «ሰማህ?» «ምኑን?» «ገና አልወጣም፤ ግን ከባድ ነው።» ያልወጣውን ነገር ክብደት አውቆታል! የእኛ ሰው የውስጥ አዋቂ መባልን ይወዳል። ቀድሞ የሰማ ሰው ሰፈር ውስጥ ይከበራል፤ የሰማው ነገር ሳይሆን ሲቀር ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

በ2012 ማብቂያ ላይ «ከመስከረም 30 በኋላ» የማይል ሰው አልነበረም። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ ስለነበር ከዚያች ቀን በኋላ መንግሥት የለም፣ አንድ ትልቅ ነገር ይሆናል ተባለ። መስከረም 30 ቀን 2013 ደረሰ፤ አለፈ። የዚህችን አገር መከራ ያመጣው ጥቅምት 24 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ነው፤ ያንን ቀን ቆርጦ ያስተዋወቀ ዩቲዩበር ግን አላየሁም።

ፈረንጅም ከዚህ አያመልጥም። መስከረም 24 ቀን 2009 ጁሊያን አሳንጅ የዊኪሊክስን አሥረኛ ዓመት አስታኮ በቪዲዮ መግለጫ ሲሰጥ፣ የሂላሪ ክሊንተን ጉድ ይወጣል ብለው ስንት አሜሪካውያን እንቅልፋቸውን አጥተው አደሩ። ሰውዬው በመጪዎቹ ሳምንታት ሰነድ እናወጣለን አለ፤ መጽሐፍም አስተዋወቀ፤ አበቃ። ክፍል ሁለት እዚያም አለ።

ለነገሩ የ«ጉድ ይወጣል» ነጋዴ ዩቲዩበር ብቻ አይደለም። ኢቲቪ በኅዳር 2004 «አኬልዳማ» የተባለውን፣ በ2005 ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሲያቀርብ አስፈሪ ሙዚቃውም፣ ተቆርጦ የተቀጠለው ቃልም፣ ገና ያልተፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ የሚያደርገው ድምፅም ነበረው። የዛሬው የዩቲዩብ አቅራቢ ያን ትምህርት ቤት በማዕረግ ጨርሶ የወጣ ተማሪ ነው።

ይህን ሁሉ የምንተርተው ደግሞ ቂሊንጦ ላይ ቁጭ ብለን ነው። ኢንተርኔት ላይ በመጻፋቸው እዚሁ እስር ቤት የገቡ ሰዎች ነበሩ። የዞን 9 ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ተይዘው በሽብር ተከሰሱ፤ ወንዶቹ ቂሊንጦ ታሰሩ። ከዘመቻዎቻቸው አንዱ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» የሚል ነበር። በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣ ሰነድ በላይ ምስጢር ያልሆነ ነገር ከየት ይመጣል? ከታሰሩት ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ አራቱን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። ቀይ ቀስት አልነበራቸውም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ደግሞ ያው እስር ቤት ተቃጠለ። ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ተኩሱ ይሰማል። መጀመሪያ አንድ ሰው ሞተ ተባለ፤ ቆይቶ መንግሥት ራሱ 23 አለ፤ 21ዱ በመተፋፈንና በመረጋገጥ፣ ሁለቱ ሊያመልጡ ሲሉ። እናቶች በርና ሆስፒታል ላይ የሚጠይቁት አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፦ የሞቱትና የተረፉት ስም ዝርዝር። አገሩ ሁሉ ሊያየው የሚፈልገው ሰነድ ሲገኝ እንዲህ አጭርና ደረቅ ነው። ያንን ወረቀት ቤተሰብ ለቀናት በጭንቀት ጠበቀው።

ጉድ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በየዓመቱ የሚወጣ አለ። ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር ሳሉ በተወካዮች ምክር ቤት ቆመው ያልተወራረደ፣ ያልተሰበሰበ፣ ያለ ማስረጃ የወጣ ገንዘብ በቢሊዮን ብር እየቆጠሩ፣ የየመሥሪያ ቤቱን ስም እየጠሩ ያነቡ ነበር። የሚደበዝዝ ፊት የለም፤ «ምንጮቼ» የለም። ተመልካችም የለም። እባካችሁ አንድ ማታ የክፍል ሁለቱን ሰዓት ለኦዲት ሪፖርቱ ስጡት። ሪፖርቱ በበጀት ዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱም በድረ ገጹ ያወጣዋል።