ቤት ገዝቶ አበዳሪ መባል

በፍኖተ ሰላም ዳርቻ ወይም ቡሬ ላይ፣ በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ፣ ርካሽ ቤት ለመግዛት ብር የቋጠሩ ሰው ካሉ እንኳን ደስ አለዎት። ካርታ ካላየን የሚሉ፣ የሊዝ ጨረታ የሚጠብቁ፣ ውልና ማስረጃ በር ላይ ተሰልፈው የሚውሉ ሞኞች ሞልተዋል። እርስዎ ግን ደላላ አለዎት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ደላላዎ ሕግ አክባሪ ስለሆነ መሬት አይሸጥልዎትም፤ ባለ ማሳውን አያ እከሌን ከእርስዎ ብር ያበድራቸዋል እንጂ። እርሳቸው ደግሞ ብድሩን እስኪመልሱ ማሳቸውን ይለቁልዎታል። እንደማይመልሱ እርስዎም እርሳቸውም ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ወረቀቱ ብቻ አያውቅም።

ፊርማው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ ሉክ ይበቃል። «ለችግሬ ማስወገጃ የሚሆን ብር ከአበዳሪዬ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ የቀለም መርገጫ ስለማይኖር የአያ እከሌ አውራ ጣት በእስክሪብቶ ተቀብቶ ይታተማል፤ ሦስት ሽማግሌዎች ጠላቸውን አስቀምጠው ይፈርማሉ። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ሲገለጥ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ ያያሉ። አይደንግጡ። እመቤቲቱ ቡና ልታፈላ ጓዳ ገብታለች፤ ለእንግዳ ቡና ያፈላች ሴት ተስማምታለች ማለት አይደለም እንዴ? ፍርድ ቤት ቀርባ «አልሰማሁም፣ አልፈረምኩም» ብትልም ቡናው ምን ያህል እንደጣፈጠ ሽማግሌዎቹ ይመሰክሩልዎታል።

ግንባታው ቅዳሜ ማታ ይጀመር፤ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የሰንበት አክባሪ ናቸው። የባሕር ዛፍ ቋሚው በጨረቃ ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ሲነጋ ጣራው ይከደናል፤ ጭቃው በሳምንቱ ይደርሳል። አዲስ ቆርቆሮ እንዳያለብሱት! ፀሐይ ሲያርፍበት ከአስፋልቱ ሳይቀር ያብረቀርቅና ያሳጣዎታል። ዝገት የበላው አሮጌ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይልቅ ክብር አለው፤ ቤቱን ባንድ ሌሊት «ነባር ይዞታ» ያደርገዋል። ከደጁ ጥቂት የጌሾ ችግኝ ቢተከል ደግሞ ከአያትዎ የወረሱት ይመስላል። ስለ እድሳት አያስቡ። ምስጥ ቋሚውን ከሥር ሲበላ ዶዘር ደግሞ ከላይ ሊመጣ ይችላልና፣ ማን ይቀድማል ብሎ ማየት እንጂ በሲሚንቶ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይባላል?

መድን ይግባ የሚል ዘመድ አይጠፋም። መድን ድርጅት ግን የቤቱ ባለቤት መሆንዎን የሚያሳይ ሰነድ ሊጠይቅዎት ነው፤ ነገረኛ ሁሉ። ዕድር ይሻላል፤ ድንኳኑን ሲያመጣ ካርታ አይጠይቅም። የመሬት ግብሩን እርስዎ ይክፈሉ፤ ደረሰኙ በአያ እከሌ ስም ይቆረጣል። ይህም ጉርብትናን ያጠናክራል።

አንዳንድ ጨለምተኛ ጠበቃ ሊያስፈራራዎት ይሞክራል። ከተማው ሲሰፋና ማሳው ለልማት ሲፈለግ ካሳው የሚከፈለው ስሙ በደብተሩ ላለ ሰው ነው ይላል። ልክ ነው፤ ታዲያ አያ እከሌ ሐቀኛ ሰው አይደሉም? «ብድሬን ልመልስ» ብለው ይመጣሉ። የዛሬ ስምንት ዓመት የተቀበሉትን ብር፣ ያኔ ቤት ይገዛ የነበረውን፣ ዛሬ የበር ዋጋ የማይሆነውን፣ ሳንቲም ሳያጓድሉ ቆጥረው ያስረክቡዎታል። ምን ብለው ይከሷቸዋል? «ሽያጭ ነበር» ካሉ የማይሸጥ ነገር ገዛሁ ብለው በገዛ አፍዎ መመስከርዎ ነው። «ብድር ነው» ካሉ ደግሞ ይኸው፣ ተከፈለዎት።

ጠበቃው በዚህም አያበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን፣ ያንን የ1952ቱን፣ አውጥቶ አንቀጽ 1845ን ያነብልዎታል፤ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። እናም በፌስታል ጠቅልለው ከፍራሹ ሥር ያኖሩት ሉክ 10 ዓመት ሲሞላው የሽያጭ ውልም አይደለም፣ የሚጠየቅ ዕዳም አይደለም። አያ እከሌ «ይርጋ አለኝ» ካሉ ጉዳዩ አለቀ። ይህን ለማወቅ ጠበቃ ማማከር ከመክፈልዎ በፊት ነበር፤ ግን ያኔ ደላላው ነገሩ በምስጢር ይያዝ ብሎዎታል።

ስለዚህ 10 ዓመቱ ሳይሞላ ቤቱን ይሽጡት። ከዓረብ አገር የተመለሰች ወይም ልትመለስ ያሰበች፣ ብሩን በወንድሟ በኩል የምትልክ፣ ቤቱን በስልክ ቪዲዮ ብቻ የምታይ እህት አትጠፋም። ቪዲዮውን ወደ ማታ ያንሱት፤ ምስጥ በጨለማ አይታይም። እርሷንም ገዢ አይበሏት፤ አበዳሪ ናት፤ እርስዎ ደግሞ በተራዎ ተበዳሪ። ሽማግሌዎቹን ግን አይቀይሩ። ውሉን በቃላቸው ስለሚያውቁት የጸሐፊው ሒሳብ ይቀርልዎታል።