ባሕር በከሚሴ ሳሎን

ከሚሴን ከባሕር ጋር የሚያዛምዷት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጨውና ስደት። ጨዉ ድሮ በአፋር ግመሎች እየተጫነ ባቲ ሰኞ ገበያ ይራገፍ ነበር፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ጅዳ ይገባሉ። የሚስቴ ወንድም ከነዚህ አንዱ ነው። ሌላው ተመላሽ ምንጣፍና ቴሌቪዥን ሲያወርድ እሱ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አወረደ። አሠሪዎቹ ሳሎን ውስጥ ባሕር ነበራቸው፤ እሱም ይኖረዋል።

«ቲቸር፣ አብሽር! አንተ ዓሣውን ብቻ ምረጥልኝ» አለኝ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ከዝሆን እስከ ቅማል ያለው ሁሉ ጉዳይ እኔው ዘንድ ነው የሚመጣው።

ምርጫው ቡና ላይ ተጀመረ። የሱ አንደኛ ላዮንፊሽ ነበር። ክንፉን እንደ ጥለት ዘርግቶ ሲሄድ ያምራል፤ የጀርባው እሾህ ግን መርዝ አለው፣ አፉ የቻለውን ጎረቤት ሁሉ ይውጣል። ሁለተኛው ሶሃል የሚባለው የቀይ ባሕር ዓሣ ነው፤ ጅራቱ ሥር ስለታም እሾህ ይዞ ገንዳው በሙሉ ርስቴ ነው የሚል። ሦስተኛዋ ጣት የማታክለው ዳምሰል፤ በጥንካሬዋ ትመሰገናለች፣ ግን ኋላ የገባን ሁሉ እያሳደደች ትነክሳለች። ዓሣ ሻጭ «ጠንካራ ነው» ሲል እኔ ሁሌም እጠረጥራለሁ፤ ጠንካራ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ጨርሶ ብቻውን የቀረው ነው።

የኔ ምርጫ ሁለት ክላውንፊሽ ነበር፤ ሕፃናት ከፊልሙ «ኒሞ» የሚሉት። ከባሕር ተይዞ ከመጣው ይልቅ ገንዳ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ይሻላል፤ መኖውንም ጠባቡንም ቤት ለምዷል። ጥንድ ሆነው ሲኖሩ አይጣሉም። ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጉና ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል ስል አማቴ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ፍንጃላቸውን አስቀመጡ። እሳቸው በባቲ በኩል በሚያልፈው የአሰብ መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው ያስፈልጋል ብዬ ነበር። በማግስቱ የሚስቴ ወንድም ሰባት ኪሎ ጨው ተሸክሞ መጣ። ባለሱቁ «ማን ሊያገባ ነው?» ብሎታል። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ የባሕር ዓሣ ማግኒዥየሙንም ካልሲየሙንም ይፈልጋል፣ ለዚህም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ታሽጎ ይሸጣል። ማን ሰምቶኝ!

እዚህ ላይ ስለዚያ ጨው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአሰብ ጨው በ1990ው የኤርትራ ጦርነት ሲቀር ድስታችን ውስጥ የገባው የአፍዴራ ጨው ነው፤ አፍዴራም የራሱ ዓሣ አለው። ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ሐይቅ ዳር፣ ፍል ውሃ በሚፈልቅበት፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። አንዷን ትንሽ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ ያስተዋወቀው አገራችን ያፈራው ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከባልደረባው ከላዛራ ጋር ሆኖ ነው። ጥንካሬ ማለት ይህ ነው። እዚያው ይኑሩ እንጂ ገንዳ አልመኝላቸውም።

ገንዳው ዓሣ ሳይገባበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዘኛ አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ። እንግዳ እየመጣ «ዓሣው የታል?» ይላል፤ እኛ «ባክቴሪያ እያረባን ነው» እንላለን። በዚህ መሃል መብራት ይሄዳል፣ ማጣሪያው ይቆማል፣ የከሚሴ ሙቀት ውሃውን ያሞቀዋል። አማቴ ዝም ብለው አዩና «አሰብ ድረስ ስመላለስ በመብራት የሚዞር ባሕር አላየሁም» አሉ።

የሚስቴ ወንድም መታገሥ አቅቶት አዲስ አበባ ወጣና ሦስት «ኒሞ» ገዝቶ ተመለሰ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንዳይገድላቸው ፌስታሉን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱን ፈርቶ ገልጦ፣ በዚህ አኳኋን ከሚሴ አደረሳቸው። ፌስታሉን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጌ አየሁ። የፊልሙ ኒሞ ሦስት ነጭ መቀነት አለው፣ የቀይ ባሕሩ ወገኑ ሁለት። እነዚህ አንድም የላቸውም። የባሕር ውሃ የማይስማማቸው፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ጎልድፊሾች ናቸው!

ዓሦቹን ሳፋ ውስጥ አሳድረን ሰባት ኪሎ ጨው የሟሟበትን ውሃ በቢጫ ጀሪካን ማውጣት ጀመርን። ሚስቴ የሎሚ ዛፏ ሥር ቆማ «እዚህ ጠብታ እንዳትወድቅ!» ትላለች። እየተሸከምን አስፋልቱ ዳር ቦይ ውስጥ ደፋነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ምን እንደምንደፋ ጠየቀን። «ባሕር ነው» አለው የሚስቴ ወንድም፤ ልጁ ሳቀና ሄደ።

ጎልድፊሾቹ ዛሬም ደህና ናቸው። አንባቢዬ ሆይ፣ የእውነት የባሕር ዓሣ ካማረህ ግን በመጀመሪያ መብራት ሲሄድ ማጣሪያውን የሚያዞር ባትሪ ግዛ፣ ቀጥሎ ታሽጎ የሚመጣውን የባሕር ጨው፣ ከወር በላይ ታግሠህ ደግሞ ነጭ መቀነታቸውን ቆጥረህ ሁለት ክላውንፊሽ። ላዮንፊሹን ለጅዳ ሰዎች ተውላቸው።