የአቶ ተስፋ ለቅሶ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣ ለጋሼ፣ ለእትዬና ስልክ ለማያነሣው ለባቡ፤

እማዬ፣ እየበላሁ ነው። የላክሽው በርበሬ አልቋል፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ባቡ፣ «ዲግሪህን ፓርኪንግ ውስጥ አቆምከው?» ብለህ ለላክህልኝ መልሱ አዎ ነው፤ በሰዓት እየተከፈለበት።

ጋሼ፣ እርስዎን የሚመለከት ጉዳይ ስላለ መነጽርዎን ያድርጉ። የዕድር ጸሐፊ ሆነው የጻፏቸው ማስታወቂያዎች አሜሪካ ገብተዋል። ቪዛም የጠየቃቸው የለም።

የምሠራበት ፓርኪንግ ዋሽንግተን ቻይናታውን፣ ዊዛርድስ የሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሚጫወትበት አዳራሽ አጠገብ ነው። ውጤቱን ለማወቅ ስልክ አያሻኝም። ሰውየው ጨዋታው ሳያልቅ መኪናውን ሊወስድ ከመጣ፣ ቲኬቱን ሲሰጠኝም ዓይኔን ካላየኝ፣ አለቀ፤ ተሸንፈዋል። ቡድኑ ሻምፒዮን የሆነው አንዴ ነው፤ ያውም በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ቡሌትስ ሲባል። ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲበዛ ባለቤቱ አቤ ፖሊን ስሙ ከነከናቸውና በ1997 ዊዛርድስ አሉት። ዕድሉ ግን ከድሮው ስም ጋር ቀረ። በ1987 ደግሞ 2 ሜትር ከ31 የሚሆነውን ሱዳናዊውን ማኑት ቦልንና 1 ሜትር ከ60 የሆነውን መግሲ ቦግስን አንድ ላይ አሰልፎ ነበር። ፎቷቸውን ሳይ የእትዬና የባሏ የሠርግ ፎቶ ትዝ አለኝ። እትዬ፣ ወንበር ላይ ቆሞ እንደተነሣ ለማንም አልተናገርኩም።

አምና ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 67ቱን ተሸነፈ፤ በታሪኩ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እኔም የሌሊት ተረኛ ስሆን እንቅልፌን ላባርር ብዬ በቴሌግራም «የዊዛርድስ ዕድር» ከፈትኩ። ቀልድ መሆኑን ከላይ ጽፌአለሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት የዓመቱን ሪፖርት ነው፦

«ክለባችን በበጀት ዓመቱ 67 ሽንፈት በማስመዝገብ ዕቅዱን በላቀ ሁኔታ አሳክቷል። ተጋጣሚዎች ላደረጉልን ቀና ትብብር እያመሰገንን፣ የተገኙት 15 ድሎች በአሠራር ክፍተት የተፈጠሩ በመሆናቸው ማጣራት እየተካሄደ መሆኑን እንገልጻለን።»

ታክሲ ነጂው፣ የሆቴል ጥበቃው፣ ሁሉም ተቀባበለው። ዘንድሮ 16 ጨዋታ ተከታትሎ ሲሸነፍ ደግሞ፣ ጋሼ፣ የእርስዎን ብዕር አነሣሁ፦

«ነባር አባላችን አቶ ተስፋ ከ1978 ጀምሮ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በሦስተኛው ሩብ በድንገት ስለተለዩን፣ ለቅሶው ቅዳሜ ማታ በጸሐፊው ቤት ነው። የማይገኝ አባል በደንቡ መሠረት ይቀጣል።»

ቅዳሜ ማታ በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የንፍሮ ድስት ታቅፈው ቆመዋል። ለካ የልጅ ልጃቸው አማርኛ ማንበብ መቻሉን ሊያሳያቸው ማስታወቂያውን አንብቦላቸዋል፤ ቀልድ የሚለውን ዘሎ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለው ገቡ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው!»

«ሐዘን እንዲህ ያስቀባጥራል፤ አይዞህ፣ ቁጭ በል። ሟች ልጆች ነበሯቸው?»

«አምስት። ግን ተቀባብለው አያውቁም።»

«ወይ ጉድ! በውርስ ነው?»

«በኳስ ነው።»

«በምን አረፉ?»

«መከላከል አቅቷቸው።»

«ስኳር ነው እሱ» ብለው ደመደሙ።

«አምና ብቻ 67 ጊዜ ወድቀዋል።»

ድስቱን አስቀመጡት። «67 ጊዜ ሲወድቁ ጠበል የሚወስዳቸው ሰው ጠፋ?»

ይህን ስንባባል የዕድሩ አባላት «ቅጣቱን ፈርተን» እያሉ፣ ለቀልዱ ሲሉ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ገቡ። እማማ ያን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ወንበር አለቀና አንዱ የልብስ ቅርጫቴ ላይ ተቀመጠ። የገና ጾም ስለሆነ ንፍሮው ለሁሉም ተስማማ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዊዛርድስ ከዴንቨር ይጫወታሉ፤ የዴንቨሩ ኒኮላ ዮኪች ቅርጫቱን የግሉ አድርጎታል።

«አቶ ተስፋን የገደላቸው ይሄ ግዙፉ ነው?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ እሱ ነው!» አለ የልብስ ቅርጫቱ።

«ታዲያ ምን ያስሮጠዋል? ፖሊስ የለም?»

ዮኪች ብቻውን 56 አገባ። ዊዛርድስ ግን 122 ለ113 አሸነፉ! ለቀስተኛው በሙሉ ብድግ ብሎ ጨፈረ፤ «ተነሡ! አቶ ተስፋ ተነሡ!» አለ። እማማ አንዴ እኛን፣ አንዴ ድስቱን አዩና፣ «አልዓዛር እንኳ አራት ቀን ፈጅቶበታል» ብለው እልል አሉ።

ይህን ቤት ከተከራየሁ ወዲህ በሬ ላይ ያን ያህል ጫማ ተከምሮ አይቼ አላውቅም። ሸኝቻቸው ስመለስ ክፍሉ ሰፋብኝ፤ ቴሌቪዥኑንም ለማጥፋት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደግነቱ ድስቱ ተረስቶ ቀርቶ ነበር፤ ኀዘኔን በማንኪያ ጨረስኩት።

አሁን እማማ ሊቀ መንበር ሆነዋል። በየሽንፈቱ ንፍሮ እቀቅላለሁ ብለው የሰፈሩን ስንዴ ሊጨርሱት ነው። የማይከፍሉ አባላትም በዝተዋልና፣ ጋሼ፣ ደንቡን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። መዋጮ ስላጓደለ ሰው የሚለውን አንቀጽ ግን ከመላክዎ በፊት እርስዎም ያንብቡት፤ የክረምቱን እንዳልከፈሉ እትዬ ነግራኛለች።

ባቡ፣ የጠየቅኸውን ጫማ ተወውና የዊዛርድስ ማሊያ እልክልሃለሁ። በዚህ አያያዛቸው በነጻ የሚያድሉበት ቀን ሩቅ አይደለም።

እማዬ፣ በርበሬው አይረሳ።

ልጃችሁና ወንድማችሁ፣
የዊዛርድስ ዕድር ጸሐፊ